በርኖሱን ማን ይረግጠው?

ደባርቅ ላይ ፀሐይ ወጣ ማለት ሞቀ ማለት አይደለም። ከተማዋ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ነፋሱም ከሊማሊሞ አፋፍ ሽቅብ እየመጣ በእጅጌ ይገባል፣ በአንገት ይወጣል። በገበያ ቀን ማለዳ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ሸራ አንጥፈው ሰልባጁን ሲከምሩ ቀድሞ የሚከባቸው ተማሪው ነው። ከቆላ አገር ለዩኒቨርሲቲ ተመድቦ በስስ ሹራብ ከች ያለ ልጅ፣ ከደብተር በፊት የሚገዛው ጃኬት ነው።

ከአንዱ ክምር አጠገብ አንድ አዛውንት ቆመዋል። ከደጋው ገብስ ጭነው የወረዱ ናቸው። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ዱላ፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ጥቁር በርኖስ፦ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ ባንዱ ትከሻ በኩል ሾጠጥ ያለ፣ ጠርዙ በዕድሜ ብዛት ወደ ቡናማ የዞረ። የሠርግ ልብስ የምታከራይ ወጣት ሴት ከሱቋ ወጥታ ትከተላቸዋለች።

«አያ፣ ይቺን በርኖስ አይሸጡልኝም?»

«እሷን ሸጬ ምን ልለብስ?»

«ከዚህ ክምር የወደዱትን ጃኬት ይምረጡ፣ እኔ እከፍላለሁ። ገንዘቡንም እጨምርልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። ደረቱ ላይ የፈረንጅ የበረዶ ሸርተቴ ክለብ ምልክት አለበት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሸት አሸት አድርገው መልሰው ጣሉት። «ይሄ ለፀሐይ የተሠራ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ልጅቱ አልተቀየመችም። በርኖስ ለሙሽራ ሚዜዎች፣ ለምርቃት ፎቶና ለየካቲት 23 የአድዋ በዓል የሚፈለግ ዕቃ ሆኗል። እሷ ዘንድ የተሰቀሉት ግን ከፖሊስተር የተሰፉ ናቸው፤ ከሩቅ ያምራሉ፣ ቀረብ ሲሉ ያብለጨልጫሉ። «እውነተኛውን ያየ ደንበኛ የእኔን አይነካም» አለችኝ።

የዱሮ ልብስ ተመልሶ ቢያዩ ደስ እንደሚላቸው ደባርቅም ዳባትም የጠየቅኋቸው ሁሉ ይናገራሉ። ግን ሁሉም ስለ አንድ ነገር አያወሩም። ወጣቱ የሚናፍቀው መልኩን ነው፤ ለጥምቀት፣ ለሠርግ፣ ለቪዲዮ የሚሆነውን። ሽማግሌው የሚያስበው ሙቀቱን ነው። የመልኩ ናፍቆት መልስ አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው»ን ካወጣ ወዲህ ጎፈር፣ ለምድና ካባ የበዓል ጎዳና ሞልተዋል። የሙቀቱ ናፍቆት ግን መልስ አላገኘም። በዓመት አንድ ቀን የሚለበስ ልብስ ተመለሰ ሊባል ይችላል ብዬ አላምንም፤ ልብስ ተመለሰ የሚባለው ሰው ለብሶት እንጨት ሲፈልጥ ነው።

በርኖስ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። በጉ ይሸለታል። ጠጉሩ ታጥቦ ይፈለቀቃል፣ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ይሸምነዋል። ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ወንፊት የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሻካራ ጨርቅ ነው። በርኖስ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ርግጫ ነው። ጨርቁ ሙቅ ውኃ ይጠጣና ጎረምሶች በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። ያገላብጡታል፣ ውኃ ይጨምሩበታል፣ ደግመው ይረግጡታል። የበግ ጠጉር ላዩ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና ርግጫ ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ጨርቁም ይኮማተራል። ወርዱ ይጠብባል፣ ውፍረቱ ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ሸማኔው ሲጀምር ከሚፈለገው በላይ አስፍቶ የሚሠራው። በደንብ የተረገጠ በርኖስ ላይ ካፊያ ሲወርድ ውኃው ወደ ውስጥ ከመስረጉ በፊት ላይ ላዩን ተንከባሎ ይወርዳል። ቀለም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ጥቁሩ የበጉ ጥቁር ነው።

ይህን ሳውቅ ነው የደጋ ሰው አለባበስ ሥርዓት የገባኝ። ጥጥ ሲደርቅ ያሞቃል፣ ሲርስ ግን ከድቶ ገላ ላይ ይለጠፋል። ሱፍ ረጥቦም ሙቀት አይነሳም። ስለዚህ ጋቢው ለቤትና ለደረቅ ቀን፣ በርኖሱ ለመንገድና ለክረምት። ሁለቱን ደርቦ የሚሄድ ሰው ሰሜን ተራራ ላይ ከሚወጣው ቱሪስት ጋር ልዩነቱ የዚፕ ጉዳይ ነው፤ ውስጥ አየር የሚይዝ፣ ላይ ዝናብና ነፋስ የሚመክት። ቱሪስቱ ግን የራሱን ልብስ ከሦስት ሱቅ ነው የገዛው።

በርኖስ የድኻ ጨርቅ ብቻ አልነበረም። መኳንንቱም በየማዕረጋቸው በርኖስና ካባ ይደርቡ ነበር። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ከመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ጥቁር ካባ ደርበው እንደነበር ፎቶግራፉ ይመሰክራል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ካባ የባላባት ምልክት ሆነና ብዙ ቤት ውስጥ ሣጥን ገባ። በርኖስ ግን ገበሬውም ይለብሰው ስለነበር ከሣጥኑ ተርፎ ገጠር ቀረ።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ሽማግሌውን ገብሳቸውን ሸጠው ሻይ ቤት ሲገቡ አግኝቼ ይህንኑ ጠየቅኋቸው። በርኖሳቸውን አላወለቁም። «የኔን ጠጉር የፈተለችው እናቴ ናት» አሉ። «አሁን ፈታይዋ አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ረጋጮቹ ደባርቅ ገብተው ባጃጅ ይነዳሉ። በጉ አለ ልበልህ፣ ሸማኔም ይገኝ፤ ማን ይረግጠው?»

በጉም ቢሆን እንደ ዱሮው አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ ቀደምት ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በግጦሽና በእርሻ ብዛት የተነሣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለዋልያውና ለጭላዳው የተደረገው ተገቢ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ግጦሽ ሲጠብ መንጋ እንደሚያንስ፣ መንጋ ሲያንስ ደግሞ የሚሸለት ጠጉር እንደሚያንስ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሱፍ ገና የሚተነፍስበት አንድ ቦታ አለ፤ ጭንቅላት ላይ። ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ እረኛ ልጆች በበግ ጠጉር የሠሩትን ቆብ ለመንገደኛ ያቀርባሉ። ሻካራ ነው፣ የበግ ሽታው አይለቅም፣ ጆሮን ግን ያድናል። ቱሪስት ነበር ገዢው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ደጃፍ ሲደርስ ገዢው ጠፋ። የአገሬው የከተማ ሰው ያን ቆብ ሲገዛ ብዙም አላየሁም፤ የፓርኩ ስካውቶች ናቸው ሳያፍሩ የሚያደርጉት፤ ሌሊት 3,600 ሜትር ላይ ያደረ ሰው ስለ ፋሽን አይከራከርም።

ጥጡ ሌላ ታሪክ አለው። ደባርቅ ጥጥ አይበቅልም፤ ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሊማሊሞ ከጥንት ጀምሮ የጨርቅ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በዚህ ገደል ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ፣ ቀደም ብሎ አድዋ ላይ የሚሸመን ሻካራ የጥጥ ጨርቅ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚዘዋወር ጽፏል። ቁራጩ ጨርቅ ሲለበስ ልብስ፣ ሲቀመጥ ገንዘብ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ገንዘቡ ባንክ ያለ ሰው ለምን ጋቢ ለክፉ ቀን አጣጥፎ እንደማያስቀምጥ ይገባናል።

የጋቢ ሥራ ከጥጥ መዳመጥ ይጀምራል። ፍሬው ይወጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው ይጠቀለላል፣ ከዚያ እንዝርቱ ይዞራል። አንዲት ሴት ቡና እየተፈላ፣ ልጅ እያስተኛች፣ ጎረቤት እያጫወተች ትፈትላለች። ልቃቂቱ በቅርጫት እየሞላ ይሄዳል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ቡልኮ ከዚያም ይከብዳል። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል ወራት ይወስዳል። ስለዚህ አሁን ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል ከሆነ ገዢው ዕድለኛ ነው። ሁለቱም የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ ሲነካ ይታወቃል፤ ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፣ በታጠበ ቁጥርም ይፈካል። ዱሮ በእንዶድ ነበር የሚታጠበው። እዚሁ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው የደረሰበት በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ነው። የልብስ አጠባ ለሕክምና ሳይንስ ያበረከተው ይህን ያህል ነው።

አሮጊቶች ሲናፍቁ ግን ስለ ፈትል አያወሩም፤ ስለ አለባበሱ ነው የሚያወሩት። ዳባት ላይ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው አሳዩኝ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ መስቀለኛ ያጣፋሉ፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ። ለቅሶ ከሆነ ይዘቀዝቁታል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይመጣና ሐዘንተኛዋ ከሩቅ ትታወቃለች፣ ማንም «ምን ሆንሽ?» አይላትም። ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ወንድ ደግሞ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ቸኩሎ የሚሄድ ጣል ያደርገዋል፤ ሥራ የያዘች ሴት በመቀነቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። «አሁን ልጆቹ ለፎቶ ነው የሚለብሱት» አሉኝ፤ «በሠርግ ላይ ዘቅዝቃ የመጣች አይቼ ማን ሞተባት ብዬ ደነገጥሁ።» ሳቁ፤ ነገሩ ግን አስቆኝ ብቻ አላለፈም። እነዚህን ልማዶች ለማወቅ ልብሱን በየቀኑ መልበስ ያስፈልጋል፤ በኪራይ አይመጡም።

መቀነትም አብሮ ይታወስ። ወገብ ላይ ደጋግሞ ሲጠመጠም እንጨት ለምትሸከምና ማሰሮ ለምታነሣ ሴት ወገቧን ይደግፋል፣ ገንዘብ ይቋጠርበታል፣ ልጅ ይታዘልበታል። ሽንሽን ቀሚስ በመቀነት የታጠቀች የገጠር ልጅ ስትራመድ ቀሚሷ አብሯት ይራመዳል። ይህ እንዲመለስ የምመኘው ለውበቱ ነው፤ ምክንያት አልፈጥርለትም።

የወንዱ ተፈሪ ሱሪ ግን ምክንያት አለው። ከራስ ተፈሪ ስሙን የወረሰው ይህ ሱሪ ከጉልበት በላይ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች እግር ላይ ልክክ የሚል ነው። ለበቅሎ ተሰፋ፤ ለገደልም ሆነ። ሰፊው ሽቅብ ሲራመዱ አይጨንቅም፤ ጠባቡ እሾህና ጭቃ አይሰበስብም። ከእጀ ጠባብ ጋር ለብሰውት፣ ላዩን ኮትና ጋቢ ደርበው ዳባት ላይ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያሉ። ልጆቻቸው ጂንስ፣ የልጅ ልጆቻቸው ቱታ ለብሰዋል። ጂንስ እርጥብ ሲሆን ምን እንደሚመስል ሊማሊሞን በክረምት በእግሩ የወጣ ይንገራችሁ።

ከሰሜን የወጣው እጅግ ዝነኛ ልብስ ያለው ግን ለንደን ነው። የሰሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። ለንግሣቸው አሰቡት ይባላል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ እዚያው ድል አድርጎ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የቴዎድሮስ አምባ መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች ንብረቱን ዘረፉ። ጥሩወርቅ ከልጇ ከአለማየሁ ጋር ከሠራዊቱ ጋር እየተጓዘች ሳለ በግንቦት ወር በመንገድ ሞተች፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። ቀሚሷ ግን ባሕር ተሻግሮ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገባ። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ከሌሎቹ የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ አሳይቶታል።

ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በሐር ተጠልፏል። ዛሬ ደባርቅ ላይ የሚሸጠው የበዓል ቀሚስ ጥበቡ ብዙ ጊዜ የታተመ ነው፤ ጨርቁ ከውጭ ተመርቶ፣ ጥለቱ በማሽን ቀለም ተረጭቶበት ይመጣል። ከፊት ያምራል፣ ገልብጠው ሲያዩት ግን ባዶ ነው። የእጅ ጥልፍ ከውስጥም ሥራ አለው። የጥሩወርቅን ቀሚስ መልሱ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ የአለማየሁ ጠጉር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተመልሷል፣ ቀሚሱ የማይመለስበት ምክንያት አይታየኝም። ቢመጣ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ ከመቀመጡ በፊት አንድ ሳምንት ጥልፍ ለሚማሩ የጃናሞራና የደባርቅ ልጃገረዶች ይታይ ባይ ነኝ። ስፌቱን ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ሌላም የጎደለ አለ፤ ሠሪዎቹ። በጎንደር አገር ሽመና፣ ሸክላና ቀጥቃጭነት በአብዛኛው በቤተ እስራኤላውያንና በሙስሊሞች እጅ የነበረ ሙያ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ከሰሜን፣ ከወገራና ከደምቢያ መንደሮቻቸው ተነሥተው በ1970ዎቹ አጋማሽና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ እንዝርትና መወርወሪያውም አብሮ ሄደ። የቀረው ሸማኔ ደግሞ ስሙ ስድብ ነበር። አጼ ምኒልክ ገና በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ አዋጁ ስድቡን ከገበያ አስወጣው እንጂ ከጋብቻ ድርድር አላስወጣውም። ሸማውን በክብር ለብሰን ለሸማኔው ልጃችንን አንድርም ያልን ሰዎች፣ የሸማኔው ልጅ ሾፌር መሆንን ሲመርጥ መገረማችን ይገርማል።

አንዳንድ ቦታ ሥራው ቆሟል ለማለት አይቻልም። መንዝ ላይ፣ ጠጉሩ ረጅም የሆነው የአገሩ በግ ስላለ፣ ባና እና ዝተት የሚባሉት የበግ ጠጉር ጨርቆች አሁንም ይሠራሉ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔው መንገዱን ሞልቷል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆኑን አይታ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም»ን ስታቋቁም ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ የእጅ ሽመናውን ሳትነካ ቅርጹን ለባሕር ዳርቻና ለልጆች አደረገችው። ጨርቁ ቀጠለ፣ ስፌቱ ተቀየረ። ደባርቅ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ብርድ ግን አላት፣ ብርድ ያላቸው ደንበኞችም አገር ሙሉ ናቸው።

ይህን የተረዳ አንድ ልብስ ሰፊ ደባርቅ ላይ አገኘሁ። ሲንጀር መኪናው ላይ የተዘረጋው የሞተ አያት በርኖስ ነው፤ የልጅ ልጁ ጃኬት እንዲሆን አምጥቶታል። ትከሻው እንዳለ ይቀራል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ እጅጌ ይወጣለታል። ልጁ ዚፕ ይፈልጋል። ሊያስጠግኑ ያመጡትን ኮት የያዙ አንድ አዛውንት ደንበኛ ግን ጣልቃ ገቡ።

«በርኖስ ዚፕ የለውም።»

«አያ፣ ነፋስ ይገባኛል እኮ።»

«ደርበው! ድሮ ማን ቆልፎት ነው?»

«ሞባይሌንስ የት ላድርገው?»

አዛውንቱ መልስ አጡ። ልብስ ሰፊው አስማማቸው፤ ዚፑ ቀረ፣ ከቀንድ የተቀረጸ ቁልፍ ተመረጠ፣ ኪሱም ከውስጥ በኩል ገበሩ ላይ እንዲሰፋ ተባለ። ልጁ ደስ ብሎት ሦስት ጓደኞቹም እንዲህ ያለ እንደሚፈልጉ፣ ገንዘቡንም ቀድመው እንደሚከፍሉ ተናገረ።

«በምኑ ልስፋላቸው?» አለ ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ። «ጨርቁን አምጡ። እዚህ የሚረግጥ አላውቅም። መንዝ ዘመድ ያለው ካለ ስልኩን ስጡኝ፣ እኔው እደውላለሁ።»